ትርፍ

ሰኔ በገባ በሦስት «ርክክብ ነው» ተባለ፤
የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ከሌሊት ይዞት ዋለ።
እኔ ሃምሳ አለቃ ጥላዬ፣ የንብረት ክፍል ሹም፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆጠርሁ፤ ማንኪያ ጎድሎኝ አያውቅም።

ኮዳ ስንት? ብርድ ልብስ ስንት? የድንኳን ካስማ ስንት?
የገባው በሞዴል ዐሥራ ዘጠኝ፣ የወጣው በሃያ ሁለት።
ሰው ይሞታል፣ ይዛወራል፣ ይከዳል፣ ይሾማል፤
ሞዴል ግን ባለበት ሆኖ ፊርማህን ይጠብቃል።

ተረካቢው ልጅ እግር ነው፤ የሰቃው ሱልጣን አባ ቦራ፤
እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ከመዝገቡ እየጠራ፣
እኔ ከመደርደሪያው ሥር በጉልበቴ እየዳኽሁ፣
«አለ!» እላለሁ። «አለ!» እላለሁ። «አለ!» — ከዚያ ዝም አልሁ።

«የሚወገድ» ተብሎ፣ ሳይፈታ በየዓመቱ ከተቆጠረው፣
ሻጋታ እርስ በርሱ ከሰፋው
ከብርድ ልብሱ እስር ኋላ፣
እጄ አንድ ቆዳ ነካ፤ ማንገቻው እንደ አሮጌ ጅማት የላላ።

የጦር ሜዳ መነጽር። ቁጥሩ ዐርባ አንድ ሰባ ሦስት።
የወታደር ላጲሶ።

«መልሻለሁ» ብሎኝ ነበር። «እርስዎ ለምሳ ወጥተው፣
በሩ ክፍት ነበር ጌታዬ፤ ብርድ ልብሱ ላይ ያኖርሁት እንዲያዩት ብዬ ነው።»
«ሞዴልህ የታለ?» አልሁት። ሞዴል የለም። ዝም አለ።
«እጅ ያለ ወረቀት አይመሰክርም» አልሁ፤ ኮሚቴው ሳቀ፣ ተቀበለ።
ያችን ዐረፍተ ነገር እወዳት ነበር።

ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን አለ፦ «ከዐቅም በላይ»፣ «በቸልተኝነት»፤
የእኔ እስክሪብቶ ናት ምልክት ያኖረችው በሁለተኛው ቤት።
ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ብር። በየወሩ ዐሥራ ሁለት።

ሃያ ስድስት ወር ሙሉ፣ ስሙ ሲጠራ ደመወዝ ሰልፍ ላይ፣
አይቆጥርም ነበር፤ ያጥፈዋል፣ ይሄዳል፣ እኔን ሳያይ።
አንድ ቀን ሒርማታ ገበያ፣ ጫማ ተራው ጋ አየሁት፤
የሕፃን ጫማ አንሥቶ፣ አገላብጦ፣ መልሶ ሲያኖራት።
ዋጋዋን ሰምቻለሁ። ዐሥራ አንድ ብር ተኩል ናት።

«ሃምሳ አለቃ?» ይላል ሱልጣን። «ምነው፣ የሆነ ነገር ጎደለ?»
«አልጎደለም» አልሁ። እውነቴን ነው፤ ምንም አልጎደለ፤
ተርፏል እንጂ።

ጉድለት ቢሆን ቀላል ነበር፤ ጉድለት ዐምድ አለው፣ ዋጋ አለው፤
ትርፍን ማን ይከፍለዋል? ከማን ደመወዝ ነው የሚቆረጠው?
አዌቱ ቅርብ ነው፤ ከበሩ እስከ ድልድዩ ሁለት መቶ ርምጃ፤
በሰኔ ጎርፍ ይሄዳል፤ አይተርፍም ማስረጃ።
አሰብሁት። አልዋሽም። ማንገቻውን እጄ ላይ ሁለቴ ጠመጠምሁት።

ከዚያ ደጃፉ ላይ ቆሜ ዐይኔ ላይ አደረግሁት፤
ጅሬን ኮረብታን ፈለግሁ።
የዚህ አገር እርጥበት ገብቶ መስተዋቱን በልቶታል፤
ኮረብታው የለም፤ ድር የመሰለ ነጭ ነገር ይታያል።

ሱልጣን መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «ይሠራል?»
«አይሠራም።»
«ታዲያ ምን ብዬ ልመዝግበው?»

እርሳሱን ከጆሮው ላይ ወሰድሁ፣ መልሼ ሰጠሁት፤ እስክሪብቶ ፈለግሁ።
«ምርመራ» በምትለው፣ ሦስት ቃል በማትይዘው ዐምድ፣
«ላጲሶ ኤርሲዶ መልሷል» ብዬ ጻፍሁ፤ ቀኑንም የዚያኑ ቀን።
ቸልተኛው ማን እንደ ነበር ለመጻፍ ቦታው አልበቃኝም፤
ወደ ኅዳጉ ወጣሁ፣ ወረቀቱን አዙሬ በጎኑ ወረድሁ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ከመስመር ወጥተዋል» አለ ልጁ።

ላጲሶ ዛሬ የት እንዳለ ከመዝገቦቹ የሚያውቅ የለም።
ዝናቡም አላባራ።
«ቀጥል» አልሁት።
«ኮዳ» አለ።
«ስድሳ አራት።»