የፖኒራህ አፍ

ሙሐረቅ፣ ጣሪያ ላይ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ፣
አንሶላ እናሰጣለን፣ ሳይነጋ፣ ላብ በላብ።
እሷ የጃቫ ሰው፣ እኔ የሐይቅ ዳር ልጅ፤
ሌላ ቃል አልነበረን፣ ትእዛዝ ነበር እንጅ፦
«ጂቢ»፣ «ሩሂ»፣ «ሱራ»፣ የማድቤት ዓረብኛ፣
ሳህን ሲጋጭ የሰማነው፣ የተማርነው እኛ።

ፖኒራህ ትባላለች። ገበያ በአገሯ
በአምስት ቀን ይዞራል፤ በ«ፖን» ነው መፈጠሯ።
እኔም ሰንበቱ ነኝ (በፓስፖርቱ ዘይነብ)፤
ሁለት ቀኖች ነን እንግዲህ፣ የሰው ልብስ የምናጥብ።

ማታ ስልኳ ሲጮህ ድምጿ ይለዋወጣል፤
ለልጇ ሲሆን ይዘላል፣ ይስቃል፣ ይቆጣል፤
ለእናቷ ሲሆን ግን ወገቧ ጎንበስ ይላል፣
«ኢንጊህ፣ ኢንጊህ» እያለች አፏ ይለሰልሳል።
ሩዝ ስትለቅም ጠየቅኳት። ጣቷን አንድ በአንድ አጠፈች፦
«ልጅ ሲበላ ማንጋን ነው፤ እንግዳ ሲበላ፣ ነዳ፤
አባት ሲበላ ዳሃር፤ ከሳትሽው፣ ያ ነው ዕዳ።»
«ታዲያ ሩዙስ?» አልኩ፤ «ያው አይደል፣ ማንም ቢበላ?»
ሳቀች፦ «ለክብር ሲቀርብ፣ ሩዙም ስም አለው ሌላ።»

አንቱ፣ እርስዎ፣ አሰብኩት፤ እኛ አገርም አለን፤
በየትኛው ኤርፖርት ነው ከሻንጣ አውጥተን የጣልን?

ሃጂ ጁምዓ (እሱም ቀን ነው) ልቡ ከሸሸ ቆይቷል፤
ሌሊት ባሕር ይጠራል፣ ቀን በማንኪያ ይመታል።
እኔ በጥርሴ መሃል፣ «ዋጥ፣ አንተ ጅል!» እላለሁ፤
ማን ይሰማኛል ብዬ፣ በአማርኛ እሳደባለሁ።
ፖኒራህ ግን ተንበርክካ፣ እግሩን በለብታ ስታጥበው፣
ለመንደሯ ሹም የሚባለውን፣ ትልቁን ቃል ነው የምትለው።
«እትዬ» አልኳት፣ «አይገባውም፤ ለማን ነው ይሄ ሁሉ ልፋት?»
ፎጣውን ጨመቀች፦ «ባሳንሰው፣ እናቴን በምን አፍ ላውራት?»

በጥቅምት አንድ ሌሊት፣ ኤሲው ብቻ እያጉረመረመ፣
እስትንፋሱ ሦስቴ ሄዶ ተመልሶ፣ በአራተኛው ቆመ።
ጣቷን ከአፍንጫው ሥር አንስታ፣ «ሴዳ» አለች፣ ቀስ ብላ።
(«ሞተ» ለድመትም ይሆናል፤ ለእሱ ቃሉ ነበር ሌላ።)
እኔም «ሞተ» ልል ነበር። አፌ ሳላዘው
«አረፉ» አለ፣
ሦስት ዓመት ሙሉ የሰደብኩትን ሰው።

አንዷ ትበቃለች አሉ፤ እሷ ትሂድ ተባለ።
ታክሲው ደጅ ይጮኻል፤ የሻንጣዋ ጎማ ተንጠለጠለ።
ሦስት ዓመት «ሳምፔያን» ነበርኩ፣ እንደ እንግዳ፣ በክብር፤
አቅፋኝ «ኮዌ» አለችኝ። ለልጇ ብቻ የምትለው ነበር።
ከቃሎቿ ዝቅተኛው፤ ሳያንኳኩ የሚገቡበት፣
ጫማ ደጅ አውልቀው ወለል የሚቀመጡበት።

ዛሬ አንሶላውን ካንድ ጫፍ ይዤ፣ ሌላውን ነፋስ ይዞ፣
አውሮፕላን በላዬ ያልፋል፣ ስንቱን ፖን፣ ስንቱን ሰንበት አግዞ።
ቃሉን እንዳልረሳው
ለልብስ መቆንጠጫዎቹ እነግራቸዋለሁ፦
ኮዌ።
ኮዌ።