ብቻ

ከሌሊቱ ዘጠኝ። ማርኬት ተኝታለች።
ሚያዝያ ገብቷል አሉ፤
ሐይቋ ግን በረዶዋን እንደለበሰች አለች።
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደም ቀጂዎች ክፍል፣
ስልኬን ከባዶ ብልቃጦች አስደግፌ
አንዱን ቃል ስሰርዝ፣ አንዱን ቃል ስከፍል፦

«ለተከበረው የተማሪዎች ቅበላ ኮሚቴ፤
ተጠባባቂ ብላችሁኛል፤ ደጃችሁ ሆኗል ቤቴ።»

ሰረዝኩት። ደጅ ጥናት ይመስላል።
አይደለም እንዳልል፣ ታዲያ ሌላ ምን ይባላል?

«ካለፈው ደብዳቤዬ ወዲህ
ባዮኬሚስትሪን ደግሜ ወስጄ በ‹ኤ› አለፍኩ፤
ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ክሊኒክ
የስኳር ታማሚ እግር አጠብኩ።»

ይሄ ይቆይ። እውነት ነው፣ ልክ ነው፣ ደረቅ ነው።
ያልጻፍኩት ነው እንጂ የሚከብደው፦
እናቴ እሁድ እሁድ ደውላ «ምን አሉሽ?» ስትል
«ምንም» የምትለው መልሴ
እያጠረች፣ እያጠረች፣
መጋቢት ላይ ትንፋሽ ሆነች።

ከዚያ ዋናዋ መስመር፦
«ከተቀበላችሁኝ እመጣለሁ። ሌላውን ሁሉ ትቼ።
የምፈልገው እናንተን ብቻ ነው።»

አውራ ጣቴ «ብቻ» ላይ ቀረ፣ እሾህ እንደነካ።
እዚያው ስልክ ላይ፣ አንድ ፋይል ዝቅ ብሎ፣
ይኸው ደብዳቤ፣ ይኸው መሐላ፣
ዲትሮይት የሚለው ሚልዋኪ ተብሎ፣
ተኝቷል፣ ሳይነካ።

ማን ያውቃል? ዲትሮይት ሚልዋኪን አይጠይቅም።
ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል፤ ግን ባለዕዳው
ሃያ ዘጠኝ ከሞላው፣ ሲያመለክት ሦስተኛ ዓመቱ ከሆነ፣
ማን ይታዘበዋል ሁለት ደጅ ቢያንኳኳው?

አሥር ሰዓት ተኩል። ክፍል ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።
አቶ አርቪድ ላምፒ፤ በማዕድን መርከብ ወጥ ቤት
አርባ ዓመት የቆሙ። ደም ሥራቸው እንደ ዓሣ ያመልጣል።
«አንዴ ብቻ ነው የምወጋዎት» አልኳቸው።
«ሁሉም እንዲህ ይላል።»

አንዴ ወጋሁ። መጣ። ጥቁር ቀይ፣ ዝግ ያለ።
«ዊልማ፣ ዓይንሽ ቀልቷል።
ፍቅር ነው፣ ወይስ እንቅልፍ ጎደለ?»

ነገርኳቸው። የሁለቱንም።
ሳቁ፤ የመርከብ ሳቅ፣ ሳል የበዛበት።
«እኔም በስልሳ ስምንት
ለሁለት ሴቶች አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ፤
አንዷ ዱሉት፣ አንዷ አሽታቡላ፣
‹አንቺን ብቻ› እያልኩ።»
«እሺ፣ ከዚያስ?»
«ሁለቱም እሺ አሉ።»

ጥጡን ክንዳቸው ላይ ይዤ ቆየሁ።
ሳቁ አለቀ።

«የዱሉቷን አገባሁ። ደግ ሴት ነበረች፣ አፈሩን ያቅልልላት።
ግን አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ‹አንቺን ብቻ› ባልኳት ቁጥር፣
የቃሉ ግማሽ አሽታቡላ ወደብ ላይ ነበር የሚቀር።
እሷ አላወቀችም።
እኔ ግን ግማሹን ነበር የሰጠኋት።»

ብልቃጡ ላይ ስማቸውን ለጠፍኩ።
ዕድሉ የሰፋው ሚልዋኪ ነበር። ልቤ ያለው ዲትሮይት።
አሳንሰሩ ውስጥ፣ በሦስትና በአንድ መሀል፣
የሚልዋኪውን ፋይል ተጫንኩ።
«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ ስልኩ።
አይደለሁም።
አጠፋሁት።

ሰኔ ገባ። ሐይቋ በረዶዋን አወለቀች።
ዲትሮይት ዝም። እናቴ እሁድ እሁድ
አሁን ስለ ዓሣ ዋጋ ታወራለች።
«ብቻ»ን ለአንድ ሰጥቼ ብቻዬን ቀረሁ፤
ሌሊት ሌሊት ይቆጨኛል። ጠዋት ላይ ያልፋል።

ዛሬ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ
ክንዷን ከጀርባዋ ደብቃ፣
«ስንቴ ነው የምትወጊኝ?» አለች።
ጓንቴን አጠለቅኩ። ተንበረከክኩ፣ እስከ ዓይኗ ድረስ።
«አንዴ» አልኳት።
ጠበቀች። የቀረችውን ቃል ጠበቀች።
«አንዴ ብቻ።»
እጇን ሰጠችኝ።