የማን ጣት ነበረ?

ዝናብ ነው ቫልዲቪያ፤ ሰኔ ተጋምሷል፣
ምድጃዬ ውስጥ ገብቶ እርጥብ ፍልጥ ያለቅሳል፣
ኮምፒውተሬ በርቶ ክብ ዳቦ ይቆርሳል።

ለዳንኮ ስድሳ አንድ፣ ከመቶ፣ በቀይ፤
ለማይቴ ሃያ አራት፣ እንደ ጥርት ሰማይ፤
ለፋኩንዶ አሥራ አምስት፤
ምንም ለሚያራይ።

የጋራው ሰነድ ነው፤ ሌሊት የማይተኛ፣
ማን ጻፈ፣ ማን ሰረዘ፣ በስንት ሰዓት ብሎ የሚቆም እንደ ዳኛ።
ምስክርም እሱው፣
ፈራጅም እሱው ሊሆን፣ ደክሞኝ እኔ ብተው።

ድሮ ለሁሉም አንድ ነጥብ ነበር የምጽፈው፤
ላቡን ያፈሰሰው፣ ጥላ ሥር ያረፈው፣
አንድ ነበር ዋጋው።
ይህን መቁጠሪያ ያመጣሁት አፍሬ ነው፣ በአንድ ልጅ ፊት፤
ስሙን ረስቼዋለሁ፤ ዓይኑን ግን አልረሳሁት።

ተማሪ ለተማሪ ነጥብ የሚሰጥበት
ቅጽም ልኬ ነበር፤ መጣልኝ በሌሊት፦
አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ አምስት ለሁሉም ሰው፣
እኩለ ሌሊት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው።
እከክልኝ ልከክልህ፣ በኮከብ አጊጦ።
ሚያራይ ብቻ ናት ለራሷ ሁለት የሰጠች፤
«እኔ አልጻፍኩም» ስትል አንድ መስመር ጻፈች።

ሃምሳ ሎሚ ጌጥ ነው ለሃምሳ ሰው ቢሉም፣
ተረቱ ስለዚህኛው አልተናገረም፦
አንዱ ሃምሳ ታቅፎ፣ ጎብጦ ሲሄድ፣
ሽታው ለሁሉም እኩል ሲናኝ በመንገድ።

ደግሞ ገለጥኩት የዳንኮን ስድሳ አንድ።
ምን አለ ከሥሩ?
ፊደል አወፈረ፣ ርዕስ አሰመረ፣
ነጠላ ሰረዝን ከዚህ ወደዚያ አሻገረ፣
አንድ አንቀጽ ቆርጦ ሦስት ጊዜ ለጠፈ፤
መሣሪያው ይህን ሁሉ «ሥራ» ብሎ ጻፈ።

የማይቴን ሃያ አራት በሰዓት ሳየው፣
ሌሊት አሥራ አንድ ከሩብ ነው ሁሉም ቁጥር የገባው፤
የወንዙ ሙቀት፣ ድፍርሱ፣ ኦክስጅኑ።
ማይቴ ከተማ ናት፤ ወንዝ ዳር ማን ነበር በውኑ?

ጠራኋቸው፣ አንድ በአንድ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦
«ረቡዕ ዕለት ውሃው ስንት ዲግሪ ነበር?»
ዳንኮ ስልኩን ፍለጋ ኪሱን ዳሰሰ፤
ማይቴ ከንፈሯን ነክሳ ፊቷ ደም ለበሰ።
ሚያራይ ግን፦
«ስምንት ነጥብ ሁለት።
በአባቴ ጀልባ ነበርን፤ ግራው ቦቲዬ ያፈሳል።
መንደራችን ኔትወርክ የለም።
ኮረብታው ላይ ወጥቼ በስልክ እነግራታለሁ፣
ማይቴ ትጽፋለች።
ቁጥሩ የኔ ነው፣ ጣቱ የሷ ነው።
ታዲያ ምን ልበል? ጻፍኩ ልበል?»

ፋኩንዶስ? እጁን እያሻሸ ዝም አለ።
ኋላ ማይቴ ናት የነገረችኝ፤
እሷና ዳንኮ ተጣልተው ቡድኑ ሊበተን ሲል
ቤቱ ጠርቶ፣ ምስር ቀቅሎ፣
አብልቶ ያስታረቃቸው እሱ ነው።
ሽምግልና የሚመዘገብበት ዓምድ የለኝም።

አሁን ሳጥኑ ባዶ ነው። «ቁጥር ያስገቡ» ይላል።
እኛ ጋ ነጥብ የሚሰጠው ከሰባት ነው።
ለሚያራይ ስድስት ተኩል፤ ይህ አላስቸገረኝም፤
ለማይቴም እንዲሁ።
ለዳንኮ አራት ጻፍኩ። ደመሰስኩ። አራት ተኩል።
ብዙ መንካት ብዙ መሥራት ነው ብሎ ማን አስተማረው?
ክቡንም ኮከቡንም የዘረጋሁለት እኔ አይደለሁ?
ለፋኩንዶ አምስት። ደመሰስኩ።
ስድስት። ደመሰስኩ።

ዝናቡ አላቆመም፤ ፍልጡ ጨሶ ጠፋ፤
መዝገቡ ግን የኔን ጣት እየቆጠረ ሰፋ፦
«መምህርት ኦያርሱን፤ ተሻሽሏል፣ ተሻሽሏል፣
ሰባት ሰዓት ከአሥር፤ እንደገና ተሻሽሏል።»
ለምን እንደ ሆነ
አይልም።