ኖራ በዘይት ላይ

መሰላሉን ይዤ ከሥር የቆምኩት እኔ ነኝ፣
ከላይ ቀለም ሲወርድ፣ ሲያጠቁረኝ፣ ሲያነጣኝ።
"አትነቅንቀኝ" ይላል ጋሽ ተማም ሳያየኝ፣
"ይሄ ዓሣ ጅራት ቀረው፣ ትንሽ ታገሠኝ።"

ዓሣ! በድሬዳዋ! ደቻቱ አሸዋ ሆኖ፣
ባጃጅ በወንዙ ሆድ በአቧራ ታፍኖ!

ባለ ሻይ ቤቱ ዑመሬ ያዘዘው ሌላ ነበር፦
አንድ ብርጭቆ፣ ሁለት ሳምቡሳ፣ ከጎን ዋጋው በቁጥር።
ጋሽ ተማም ግን ያን ግድግዳ ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ አይቶ
ባሕር አፈሰሰበት፣ ሰማያዊውን በባልዲ በጥብጦ አብዝቶ።
"ይሄ ምንድነው?" ቢለው፣ "ጅቡቲ ነው" አለ፣ "ሐዲዱ የሚያልቅበት፤
ሠላሳ ዓመት ፉርጎ ላይ ቁጥር ጻፍኩ፣ አንድ ቀን ሳልሄድበት።"

የባቡር ሰው ነበረ። ከዚራ፣ ከወርክሾፑ ጥላ፣
ፉርጎው ከዚያ ሲመለስ፣ የባሕር ጨው ቁጥሩን ሲበላ፣
በምላሱ ቀመሰው ይባላል፣ ማንም ሳያየው ከኋላ።

ባቡሩ ሲቆም አላለቀሰም፤ ብሩሹን በጋዝ አጠበና
ወደ መጋላ ተሻገረ፣ ግድግዳ ይለምን ጀመረና፦
ፋርማሲ በር ላይ እባብ፣ ጸጉር ቤት ላይ ጎፈሬ፣
ጥርስ ሐኪሙ ቤት መንጋጋ፤
የግመል እንጂ የሰው አይደለም ብላ ሳቀች ድሬ።
ክፍያው አንዳንዴ ብር ነው፣ አንዳንዴ ግማሽ ፓስታ፣
አንዳንዴ ጸጉር ቆረጣ በነጻ፤
ራሰ በራ ነው፣ ይቀበላል በደስታ።

ሚስቱ ሰዓዳ፦ "የሰው ግድግዳ ቀለም ታለብሳለህ፣
የኛ ተልጦ ጭቃው ወጥቷል፤ እሱን መቼ ታያለህ?"
"ቤት ውስጥ ደንበኛ የለም።" ይህን ብሎ ይተኛል፤
ቀትር ነው፣ ድሬ ጠቅላላ በሩን ዘግቶ ያንኮራፋል።

አንድ ዓመት ትእዛዝ መጣ፦ በአስፋልቱ ዳር ያለ ግድግዳ
ሁሉ አንድ ዓይነት ይቀባ፣ ነጭ፤ ሊመጣ ነው እንግዳ።
ሥራውን ለማን ሰጡ? ለእኔ። አልዋሽም፣ ተቀበልኩ፤
የልጅ ወተት፣ የቤት ኪራይ… ሦስት ባልዲ ኖራ በጠበጥኩ።

ሙያው እንዲህ ነው፣ ከሱው ነው የተማርኩት፦
ዘይት ቀለም ላይ ኖራ አይጸናም፤
አስቀድመህ በብርጭቆ ወረቀት
ፍቀው፣ አሻክረው፣ እጠበው፤ ከዚያ በኋላ ነው መቀባት።

እኔ አልፋቅሁም።

ንጋት ላይ ተነሥቼ፣ ዓይኔን ከዓሣዎቹ አሽሽቼ፣
ነጭ አለበስኳቸው፤ ከሥር መሰላል የሚይዝ አጥቼ።

እንግዳው መጣ፣ አለፈ፤ በመስኮት ያየ አይመስለኝም።
ነሐሴ ገባ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ
ደቻቱ ሲያጓራ በኛ ሰፈር ማንም አይተኛም።
ሲነጋ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ኖራው እንደ እባብ ቆዳ ተልጦ
ሰማያዊው ብቅ ብሏል፤
ዓሣው ባንድ ዓይኑ ያየኛል፣ ከነጩ መሐል አፍጥጦ።

ዑመሬ እልል አለ፣ ወንድ ሆኖ። እኔ ሮጥኩ ወደ ተማም ቤት፣
ይመርቀኛል ብዬ፣ ልቤ ሞልቶ በኩራት።

መጣ። በከዘራው ጫፍ ቆሰቆሰው የተላጠውን ኖራ፣
በጣቱ ፈጨው፣ አሸተተው፤
"ማነው የቀባው?" አለኝ፣ ዓይኑ በቁጣ እየበራ።
"እኔ" አልኩት።
"ሳትፍቅ? ሳታሻክር? እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?
ሥራ ሥራ ነው! የኔንም ቢሆን ስታጠፋ፣
አጥፋው እስኪጠፋልህ።"

ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ሰማያዊ ቀለም ይዞ መጣ፤
ጉልበቱ ደክሟል፣ መሰላሉን ጨብጦ
"ይኸው ይዤዋለሁ" አለኝ፣ "ውጣ።"

ጅራቱ ጋ ስደርስ፣ ከብሩሼ አንድ ጠብታ አመለጠኝ፣
በራው መሐል አረፈ። ቀና አላለም።
አልነቀነቀኝ።