ወደ ግራ

እኔ ጌም አልጫወትም፤ ሕመሙን ግን አውቃለሁ፣
ከመጋረጃው ጀርባ ብር እየቆጠርኩ እሰማለሁ፦
ፋኑ እንደ ተጫነ ግመል ካጉረመረመ፣ ጉሮሮው አቧራ ነው፤
ጠቅ፣ ጠቅ ብሎ ሲዲውን ከተፋ፣ የሌንሱ ዓይን ሞራ ነው፤
ጭራሽ ዝም ካለ ግን፣ መብራት ሄዶ በጉልበት ሲመለስ ፓወሩን በልቶታል፤
ያኔ ገንደ ቆሬ በሙሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

ግንቦት ነበር። ቆርቆሮው ከላይ ይጠብሳል፣
ሃያ ልጅ በአንድ ክፍል ትንፋሹን ያፈሳል፤
ማሽኑን በአራት ቆርኪ ከጠረጴዛው ከፍ አደረግኩት፣
በጎኑ በረዶ የሆነ የሃይላንድ ውሃ አቆምኩለት፤
አልረዳም። ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ፣ አንድ ለአንድ ሆነው፣
ሦስቴ ጢጥ፣ አንድ ቢጫ ጥቅሻ፣ ጨለማ። ጩኸቱ ለጉድ ነው።
"ብራችንን!" አሉ። መለስኩ።
አንዱ ሳይከፍል ሁለቴ ተቀበለ።

በፎጣ ጠቅልዬ ታቅፌው ባጃጅ ስገባ
ሹፌሩ "ስንት ወሩ ነው?" አሉኝ።
"አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ታይዋን ያድርሱኝ አባባ።"

አፈንዲ ከቀትር በፊት ካቻቢቴ አይነካም፤
እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሳይመረቅን ብሎን አይፈታም።
ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ ዓይኑ ጠርቶ፣
ክዳኑን አነሳው፣ ብሎኖቹን በሳርዲን ቆርቆሮ ከትቶ።
ከሆዱ የወጣውን ልንገራችሁ፦
የደቻቱ አሸዋ፣ ግማሽ እፍኝ።
ሦስት በረሮ፣ አንዷ ከነእንቁላሏ፣ ሙቀት ፈልጋ የገባች
(ድሬ ላይ ሙቀት ፍለጋ! እንደሷ ያለች ሞኝ የት ታየች?)
አንድ የሃምሳ ሳንቲም። ይኼ የትንሹ የኑረዲን ሥራ ነው፣
ተራው ሳይደርስ ሲቀር፣ ማሽኑን በእጁ ያጎረሰው።

"ቺፑ ከቦርዱ ሊላቀቅ ነው፣" አለ አፈንዲ። "ሙቀት የፈታውን
ያው ሙቀት ነው የሚያስረው፣ አቦ።" የራሱ ማሞቂያ ተቃጥሎ ስለነበር
ቦርዱን ይዞ ጎረቤት፣ ሒክመት ፀጉር ቤት ገባ፤
ከሙሽራ ቀጥሎ ካስክ ስር ተቀመጠ።
ሙሽራዋ በመስታወት አይታው "የሱስ መቼ ነው?" ብላ ሳቀች።
"ስንት ጊዜ ይቆይልኛል?" ስለው፦
"ሦስት ወር። አራት። ያሞቁትን ነገር ዕድሜ አትጠይቂ።"

ደግሞ ሊፈትነው ሰካውና ጆይስቲኮቹን አነሳ፣
ሁለተኛውን፣ በፕላስተር የታሰረውን።
ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ወደ ግራ ይሄዳል፣
መስመሩ ጋ ደርሶ፣ ባዶ ሣር ይገፋል።
"ይኼ ተበልቷል። ሁለት መቶ ብር፣ አሁኑኑ ልቀይረው።"
"እሱን ተወው።"
"ኧረ አቦ፣ ይሄ እኮ ቀላሉ ነው!"
"ተወው አልኩህ።"

ዚያድ ነበር የሚይዘው። ሰው ሲጎድል ይጫወታል፣
ቤቱ ሲሞላ ተነስቶ ብር ይሰበስብልኛል።
ኳስ ካገኘ ወደ ግራ። አራት ሰው ቢቆምበትም ወደ ግራ፤
"ቀኝ የለህም እንዴ!" እያሉ ሲስቁበት፣ አውራ ጣቱ ሳይፈራ።
ጥቅምት ላይ በአንድ ሌሊት በጭነት መኪና ጅቡቲ ገባ፣
ከዚያ ወዲያ ባሕር ይሁን ወደብ፣ የሰማ የለም።
ለእናቱም አልነገራት። ለኔ ግን የዕለቱን ሒሳብ
መቶ አሥራ አምስት ብር፣ በላስቲክ አስሮ
ከጆይስቲኩ ስር ትቶልኝ ነበር።
ቆጠርኩት። አልጎደለም።

አሁን እሱን በግማሽ ዋጋ ነው የማከራየው፤
ወረፋው ታዲያ የሚረዝመው እሱ ላይ ነው፦
የተሸነፈ ሁሉ "ጆይስቲኩ ነው እኮ!" ይላል፣
በአምስት ብር ጨዋታም ሰበብም ይገዛል።

ማታ ልጆቹን ሸኝቼ በሩን ገርበብ አድርጌ
ሶኬቱን ሳልነቅል ትንሽ እቀመጣለሁ።
ተጫዋቹ ማንም ሳይዘው ይነሳል፣ ወደ ግራ፤
መስመሩ ጋ ይቆማል። ጨዋታው ከዚያ አያሳልፍም።
እግሩ ግን ይራመዳል።

ፋኑ ደግሞ ማጉረምረም ጀምሯል።
አንዱ ቆርኪ ተንሸራቷል፤ ልመልሰው።