ቀዳዳው

ሳልሚያ፣ ዘጠነኛ ፎቅ፤ ውጭ አቧራ ይነፍሳል፤
ናዋፍ ደብተሩ ላይ እርሳሱን ይነክሳል።
አንዱ ቧንቧ ብቻውን ሮቶውን በስድስት፣
ሌላው ደግሞ ፈጥኖ ይሞላል በሦስት፤
ሰዓቱ ስንት ነው?
እሱ «ሁለት» አለ፤ መጽሐፉ ከኋላ
«አራት» ይላል እንጂ አይጨምርም ሌላ።

መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ
አጠገቡ ቁጭ አልኩ፣ እጄን አራግፌ።
አሥራ አንደኛ ክፍል ነው ትምህርቴን የተውኩት፣
አረብኛውንም ገና በግማሽ የያዝኩት፤
ግን «አንብበው» አልኩት፣ «ቀስ ብለህ፣ በጣትህ፤
የዘለልከው ቃል አለ፣ ቸኩሎብህ ዓይንህ።»

አነበበ። አሁንም ሁለት።
«እሺ፣ ሣለው።» ሣለ። ሮቶ ሳይሆን ዝሆን
የሚመስል ነገር። ይሁን፣ ምንም ይሁን።
«ውሃ ጠጥተህ ና።» ጠጥቶ መጣ።

«ክፍልፋይ ከፈራህ ለጊዜው ተወው፤
ቧንቧውን ከንጋት እስከ ማታ ክፈተው።
አሥራ ሁለት ሰዓት! ስንቴ ሞላ አንደኛው?»
«ሁለቴ።»
«ሁለተኛው?»
«አራ…» ቆም አለ።
ጣቱ ወደ ዝሆኑ ሆድ ሥር ዘለለ።
«ቀዳዳ አለው! በአራት ሰዓት ሙልጭ ያደርገዋል!»
«እስከ ማታስ?» «ሦስት ሮቶ ሙሉ ያፈሳል!»
ስድስት ገብቶ፣ ሦስት ወጥቶ፣
ሦስት ሮቶ በአሥራ ሁለት…
ወንበሩን ገልብጦ ወደ እናቱ ሮጠ።

ሌሊት፣ ከጓዳዬ፣ መተኮሻው ሥር፣
የራሴን ደብተር ገልጬ ስቀንስ ስደምር፣
«ሁለት ዓመት ብቻ» ያልኳት እናቴን፤
የደላላው ዕዳ፣ የታናሼ ትምህርት፣ የቤታችን ቆርቆሮ፤
ቀዳዳው ከሥሩ ነበር፣ ከመነሻው፣ ከድሮ።

ሣልኩት። እኔም ዝሆን ሆነብኝ።
ሁለቱን ሰርዤ
በናዋፍ የተነከሰ እርሳስ
አራት ብዬ ጻፍኩ።