ኛ

በእኛ አፍ «ኛ» የሚመጣው ቃሉ ሊያልቅ ሲል ነው፤
መንገደኛ፣ ሁለተኛ፣ ነገረኛ፣ ጭራ ላይ ነው ቦታው።
ከፊት ቆሞ ስም ሲመራ በዕድሜዬ አላየሁም
እስከዚያ ጥቅምት ድረስ፤ ከዚያ በፊት የለም።
ባጃጁ ሁለት ልጆች አንድ ሻንጣ አውርዶልኝ
በሬን ጎንበስ ብለው አለፉ፣ ቁመታቸው በልጦኝ።
«አውት» አለች ታላቂቱ። ይቺስ ገባችኝ።
«ኛንዴንግ» አለች ታናሿ።
ምላሴ ተያዘ።
«እሺ፣ ያንዴ» አልኳት፤ እንዲያው ሆኖ ቀረ።
ሳቀች፤ ፊቷ ላይ ግን ያልሳቀ ነገር ነበረ።

ክፍሏ ከጓሮ ናት፣ ከስፌት መኪናዬ ጀርባ፣
አንድ አምፖል፣ አንድ መስኮት፣
ከጣና የተነሣ ነፋስ ደንገል ደንገል የሚሸትባት።
ዋጋዋን ሲጠይቁኝ ዓይኔን መሬት ጥዬ
ሦስት መቶ ጨመርኩበት፣ «የውጭ ሰው ነው» ብዬ።

መጀመሪያ ያስለቀሳቸው ሰዓት ነው።
ፔዳ ግቢ «ምዝገባ ጠዋት ሁለት ሰዓት» ተብሎ ተለጥፎ፣
«ጠዋት» የምትለዋን ማንበብ አቅቷቸው
በስምንት ደረሱ፤ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ወረፋው አልፎ።
አውት ማታውን ሁለት ሰዓት ገዝታ ግድግዳ ላይ ሰቀለች፣
አንዱን እንደ ቦር፣ አንዱን እንደ ባሕር ዳር ሞላች።
የቦሩ ባትሪ በጥር አለቀ።
የቀየረው የለም።

ትምህርቱም ለያያቸው፤ ታላቂቱ ፖሊ፣
ታናሺቱ ድልድዩን ተሻግራ ዘንዘልማ።
ጠዋት አስፋልቱ ዳር፣ ዘንባባው ሥር ቆመው
አንዷ ሌላዋን ታክሲ ታስቀድማለች፤
የምትቀረው ናት እጇን ኪሷ ከትታ
እስኪርቅ የምታይ።

ኛንዴንግ ፊደል የለቀመችው ከመንገድ ነው፤
ከታፔላ ላይ፣ «ጎሚስታ»፣ «ፎቶ ኮፒ»፣ «ትኩስ ዓሣ አለ»።
አንድ ማታ የስፌት ጠመኔዬን አንሥታ
የሰው ካኪ ጨርቅ ላይ፣ ሳታስፈቅደኝ፣
ኘ ኙ ኚ ብላ ወርዳ ኛ ላይ ቆመች።
«ይሄ የእኔ ነው» አለች።
ጨርቁን ማጠብ ነበረብኝ፤ ሦስት ቀን አሳደርኩት።
«ያንዴ»ን ከዚያ ወዲያ አልጠራሁት።

ደግሞ አንድ ቅዳሜ ጨረጨራ ወስጃቸው
ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ አሳየኋቸው፣
«ይኸው፣ ወደ ቤታችሁ ነው የሚሄደው» ብዬ ላጽናናቸው።
አውት ራሷን ነቀነቀች፦ «በደጃችን አያልፍም።
የእኛ ሌላ ነው፣ ነጩ። ካርቱም ይገናኛሉ፣
ተያይዘው ወደ ላይ ነው፤ ወደ እናታችን ማንም አይመለስም።»
ውሃ ዳር ተወልጄ፣ ውሃ ዳር አርጅቼ፣
ወዴት እንደሚሄድ ጠይቄው አላውቅም።

መብራት የጠፋ ሌሊት፣ ከደንገሉ ውስጥ
ጉማሬ አጉረመረመ።
ሁለቱም እኩል፣ በቋንቋቸው፣ አንዲት ቃል አሉ፤
ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ዝም።
ያን ሌሊት ይመስለኛል እንቅልፍ የወሰዳቸው።
ቃሏን ልጠይቅ ብዬ ተውኩት።

መጋቢት ሲጠባ ኛንዴንግ ብሩን ይዛ መጣች፤
ቆጠረችው፤ እጇን ግን ከላዩ አላነሣችም።
ጭቃ ላይ ድንጋይ እየመረጠ እንደሚራመድ ሰው
ቃሉን አንድ በአንድ ረግጣ
«እትዬ አንጓች፣ ዘርፌ ስንት? እኛ ስንት?» አለችኝ።

ማፈሩስ አፈርኩ። ግን ይበልጥ የቆረጠኝ
ያቺ «እኛ» ናት።
«ኛ»ዋ በቦታዋ፣ ጭራዋ ላይ፣
እንከን የሌላት፣ የአገር ልጅ የተናገራት የምትመስል፤
እሷና እህቷን ይዛ
እኔን በር ላይ ያቆመች።

ከሚያዝያ ወዲህ ሦስት መቶው ቀረ።
የስድስት ወሩን አልመለስኩም፤ ልዋሽ አልፈልግም።
ለአውት ቀሚስ ሰፋሁ፣ እጅጌው ረዘም ያለ፤
የስፌቱን ሒሳብ አላነሣሁም፣ እነሱም የኪራዩን።

አሁን ማታ ማታ ከዘርፌ ጋር በረንዳ ላይ ሲያወጉ
መኪናዬን አቆማለሁ፣ ክር የሰካሁ መስዬ።
«እኛ» ሲሉ እሰማለሁ።
ማንን እንደጨመረች
ጆሮዬን ጥዬ እጠብቃለሁ።